ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ተማሪ ድካም



ዛሬ የሚነገረው ቃል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው አዲስ መሣሪያ፥ ለልጆችም ትምህርት ስለሚሰጠው ጥቅምና ስለሚያመጣው ጉዳት ነው። ይህ ነገር በከተማ የሚቀር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የእጅ ስልክና ኢንተርኔት በደረሰበት መንደር ሁሉ እርሱም አብሮ ደርሷል፤ ዛሬ ያልደረሰበትም ነገ ይደርስበታል። እንግዳ ከቤት ሳይገባ ጠባዩን ጠይቆ ማወቅ ለባለቤቱ እንደሚበጅ፥ መምህርና ሽማግሌም ይህን መሣሪያ ልጆች ከመልመዳቸው አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ስለ አዲስ ነገር ሲነገር ሰው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ወገን አዲስ ነገር ሁሉ መልካም ነው ይላል፤ ሌላው ወገን አዲስ ነገር ሁሉ ጥፋት ነው ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ስለ ፈረዱ ፍርዳቸው አይጸናም። መምህር ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም፥ «መሣሪያው ከልጁ እጅ ከተወሰደ በኋላ በልጁ ልብ ምን ይቀራል?» የሚል ነው። የሚቀር ነገር ካለ ትምህርት ሆኗል። የሚቀር ነገር ከሌለ ግን ልጁ ለአንድ ቀን በተዋሰው ጌጥ አጊጦ ነበር ማለት ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደ ተባለ።

መሣሪያው ምን እንደ ሆነ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት መሣሪያ ይሰጣል። እዚህ የሚነገርለት ግን በጽሕፈት ሲጠይቁት በጽሕፈት የሚመልሰው ነው። ከነዚህም መካከል ስሙ በዓለም ሁሉ አስቀድሞ የተሰማው ቻትጂፒቲ ነው፤ እርሱም ኦፕንኤአይ በሚባል ያሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ኩባንያዎች የየራሳቸውን አወጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪዎቹ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ አንብቦ የማይጨርሰውን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ሰብስበው ለኮምፒዩተር ይሰጡታል። ኮምፒዩተሩም ቃል ከቃል በኋላ እንዴት እንደሚከተል መዝኖ ይይዛል። ኋላም ሰው ሲጠይቀው፥ ከጥያቄው ቀጥሎ ሊመጣ የሚመስለውን ቃል እየገመተ ቃልን በቃል ላይ ይቀጥላል። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ከመዝገብ እውነቱን አውጥቶ እንደሚያነብ ጸሐፊ አይደለም። ብዙ ጊዜ እውነት የሚመስለውና እውነተኛው አንድ ስለሚሆኑ መልሱ ትክክል ይሆናል። ሁለቱ በተለያዩ ጊዜ ግን ሐሰቱንም በዚያው ባማረ ቋንቋ ይናገራል፤ ቃሉ አይንቀጠቀጥም፥ ፊቱም አያፍርም። ዛሬ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከኢንተርኔት ፈልገው ምንጭ እየጠቀሱ ይመልሳሉ፤ ስሕተታቸው ቀንሷል እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ለዚህም ምስክር የሚሆን ነገር በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተደርጓል። ሁለት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ ከቻትጂፒቲ የተቀበሏቸውን ልዩ ልዩ ፍርዶች ጠቀሱ። ዳኛው ቢያስመረምሩ፥ የተጠቀሱት ፍርዶች በማንም ዳኛ ያልተፈረዱ፥ በየትኛውም መዝገብ የማይገኙ ሆኑ። ስለዚህ ጠበቆቹና ቢሯቸው 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ከተታለለ፥ የ5ኛ ክፍል ልጅ ሐሰቱን ከእውነቱ ብቻውን ይለያል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ባማርኛ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይብዛ። መሣሪያዎቹ ከተማሩበት ጽሑፍ የሚበልጠው እጅ እንግሊዝኛ ነው፤ በኢንተርኔት ካለው ጽሑፍ ያማርኛው ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከዚህም በቀር የኢትዮጵያ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። «አለ» የሚለው ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፥ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» የሚለውም ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፥ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። አማርኛ አዋቂ ይህን ከነገሩ አካሄድ ወዲያው ይለየዋል፤ መሣሪያው ግን አንዳንድ ጊዜ ይስታል። ሰምና ወርቅ ባለው ንግግርማ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሚተውበት ጊዜ አለ።

በቱርክ አገር የተደረገ ምርመራ

መሣሪያው ባይሳሳት እንኳ የሚጐዳበት ሌላ መንገድ አለ፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በቱርክ አገር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያሉበት ጓድ ወደ 1,000 በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ ምርመራ አደረገ። ትምህርቱ ሒሳብ ነበር፤ ተማሪዎቹም የ9ኛ፥ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። በሦስትም ወገን ተከፈሉ። የመጀመሪያው ወገን በደብተሩና በመጽሐፉ ብቻ ይለማመድ ነበር። ሁለተኛው ወገን እንደ ልቡ የሚጠይቀው መሣሪያ ተሰጠው። ለሦስተኛው ወገን የተሰጠው መሣሪያ ግን መምህራን አስቀድመው ያዘዙት ነበር፤ ትእዛዙም መልሱን አትንገር፥ ልጁ የተሳሳተበትን እያሳየህ በጥቂት በጥቂቱ ምራው የሚል ነበር።

በልምምዱ ጊዜ ሁለተኛው ወገን ደብተር ብቻ ከያዘው ወገን ከመቶ 48 እጅ በልጦ ተገኘ፤ ሦስተኛው ወገንም ከመቶ 127 እጅ በለጠ። ያን ጊዜ ያየ ሰው መሣሪያው ልጆችን ሊቅ አደረጋቸው ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያውም ደብተሩም ተወስዶ ሁሉም በየራሱ ተፈተነ። እንደ ልቡ ሲጠይቅ የነበረው ወገን መሣሪያ ነክቶ ከማያውቀው ወገን ከመቶ 17 እጅ አንሶ ተገኘ። በምክር ይመራ የነበረው ወገን ይህ ጉዳት አላገኘውም፤ ነገር ግን ደብተር ብቻ ከያዘው ወገን እምብዛም አልበለጠም። ከሁሉ የሚያሳዝነው የተጐዱት ልጆች መጐዳታቸውን አለማወቃቸው ነው፤ እንደ ባልንጀሮቻቸው የተማሩ መስሏቸው ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። መልስን መያዝና ትምህርትን መያዝ ሁለት ነገር ነው። ልጅ የሚማረው መልሱን ባየበት ሰዓት አይደለም፤ መልሱን ሲፈልግ፥ ሲስት፥ ተመልሶም ሲያቃና ነው። ይህን ድካም መሣሪያው ከወሰደለት ትምህርቱንም አብሮ ወሰደበት።

አቡጊዳና ቅኔ

ይህ ነገር ለቀድሞ አባቶች አዲስ አልነበረም። በፊደል ቤት ልጅ «ሀ ሁ» እያለ በዜማ ሲደጋግም ውሎ ሁሉን በቃሉ ይይዛል። ያየው ሰው ፊደል ያወቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዐይኑ ሌላ ቦታ እያየ አፉ ብቻ ይሄድ ይሆናል። ስለዚህ መምህሩ አቡጊዳን ያመጣል። በአቡጊዳ ፊደሉ ተራውን ለውጦ «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ ስለሚሄድ፥ ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ ወዲያው ይያዛል፤ ፊደሉን ለይቶ ያወቀ ልጅ ግን ሳይደናገር ያነባል። አቡጊዳ ያወቀውን ልጅ ካወቀ ከሚመስለው የሚለይ ወንፊት ነው።

በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ከዚያም መጥቶ ላስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። አስነጋሪው ከርሱ ይልቅ የሚያውቅ ተማሪ ነው፤ ቢፈልግ ያማረ ቅኔ ቈጥሮ ሊሰጠው ይችል ነበር። እንዲህ አያደርግም፤ ቤቱ የተበላሸበትን፥ ምሥጢሩ የጐደለበትን ያሳየዋል፥ ተማሪውም ተመልሶ ያቃናል። የተሰጠውን ቅኔ ተቀብሎ ቢነግር ያን ቀን ይመሰገናል፥ ባለቅኔ ግን አይሆንም። በቱርክ ትምህርት ቤት ለሦስተኛው ወገን የታዘዘው መሣሪያ ሥራው የአስነጋሪ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ወገን የያዘው ግን ለሰነፍ ተማሪ ቅኔ እየቈጠረ የሚሰጥ ባልንጀራን ይመስላል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

ነገሩ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚያስጨንቅ ስለ ሆነ ችላ አይባልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃ እንዲቀር ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በተፈተኑ ጊዜ፥ ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 እጅ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 እጅ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 እጅ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 እጅ ሆኑ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ ማነስ፥ የመምህር ማነስ፥ ጦርነትና ስደት ሁሉ አለበት። ነገር ግን ቍጥሩ አንድ ነገር አጥብቆ ይናገራል፤ ልጁ ብቻውን በተቀመጠ ጊዜ ከእጁ የሚገኘው ራሱ ደክሞ ያገኘው ብቻ ነው። ወደ ፈተናው አዳራሽ የሰው መልስ አይገባም፤ መሣሪያውም ከደጅ ይቀራል። እንግዲህ ኩረጃ በአንድ በር ከወጣ በኋላ፥ ሥልጣኔ የሚል ስም ይዞ በሌላ በር እንዳይመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በአፍሪካ የታየ ጥቅም

እንዲህ ከሆነ መሣሪያውን ፈጽሞ እንከልክል የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ቢሆን ትክክል አይደለም። በናይጄሪያ፥ በኤዶ ግዛት፥ ቤኒን ሲቲ በሚባለው ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. በጁንና በጁላይ ወር የዓለም ባንክ አንድ ሥራ አሠርቶ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለ6 ሳምንት እየተሰበሰቡ በዚህ መሣሪያ እንግሊዝኛ ተማሩ። መሣሪያውን ለልጆቹ ብቻ ትተው አልሄዱም፤ መምህራን በመካከላቸው ሆነው ምን እንደሚጠየቅ፥ መልሱም እንዴት እንደሚመረመር ያሳዩ ነበር። በመጨረሻም የተማሩት ልጆች ካልተማሩት በግልጥ በልጠው ተገኙ፤ ቀን ሳያጓድሉ የመጡትም የበለጠ ተጠቀሙ።

በጋናም ሮሪ የሚባል የሒሳብ አስጠኚ መሣሪያ በዋትስአፕ መልእክት ይሠራል፤ ብርቱ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ለ8 ወር ያህል በትምህርት ቤት ሲለማመዱበት፥ ሒሳባቸው ካልተለማመዱት ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ። በሁለቱም አገር ያለው ነገር አንድ ነው፤ ጊዜው የተወሰነ፥ ሥራው የተለየ፥ ተቈጣጣሪም ያለበት ነው። መጽሐፍና አስጠኚ የሌለው የመንደር ልጅ እንዲህ ባለ አሠራር ሊያገኝ የሚችለው ጥቅም ከከተማው ልጅ ይልቅ ይበዛ ይሆናል። ስለዚህ በፍርሃት ብቻ መከልከልም ልጁን መበደል ነው።

መምህሩ እንዴት ይጠቀምበት

አንደኛ፥ መሣሪያው አስቀድሞ በመምህሩ እጅ ይሁን። በመንደር ትምህርት ቤት ለ60 ልጅ 60 ስልክ አይገኝም፤ አያስፈልግምም። አንድ ስልክ ያለው መምህር ኢንተርኔት ወደሚገኝበት ከተማ በገበያ ቀን በወረደ ጊዜ የሳምንቱን ሥራ አዘጋጅቶ፥ በደብተሩ ገልብጦ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፥ ከመሣሪያው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይፈለግ። ለምሳሌ አንድ ልጅ ሁለት ሦስተኛና አንድ አራተኛ ተደምረው ስንት ይሆናሉ ተብሎ ሲጠየቅ ሦስት ሰባተኛ ብሎ ይጽፋል። የላዩን ከላዩ፥ የታቹን ከታቹ ደምሯልና። መምህሩ መሣሪያውን «ትክክለኛው መልስ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥቅሙ ጥቂት ነው። «ልጁ እንዲህ የጻፈው ምን አስቦ ነው? ስሕተቱን ራሱ እንዲያይ ምን ብዬ ልጠይቀው?» ቢለው ግን የሚረባ ነገር ያገኛል። ከሚያገኛቸውም ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ያለ ይሆናል፤ «ሁለት ሦስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሦስት ሰባተኛስ?» ልጁ ሁለት ሦስተኛ ከግማሽ እንደሚበልጥ፥ ሦስት ሰባተኛ ግን ከግማሽ እንደሚያንስ ሲያይ፥ «ጨምሬበት ሳለሁ እንዴት አነሰ?» ብሎ ይደነቃል። ያ መደነቅ የትምህርት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዳቦ ለ12 እኩል ተቈርሶ ሁለት ሦስተኛው 8 ቍራሽ፥ አንድ አራተኛው 3 ቍራሽ መሆኑን ቢያሳየው፥ አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ የሚለውን መልስ ልጁ ራሱ ይደርስበታል፤ በራሱ የደረሰበትንም አይረሳውም።

ሦስተኛ፥ መሣሪያው የሰጠው ነገር ሁሉ ወደ ልጆች ከመድረሱ በፊት በመማሪያው መጽሐፍ ይመዘን። ሒሳቡን መምህሩ ራሱ ይሥራው፤ ዘመኑንና ስሙን ከመጽሐፍ ያመሳክረው፤ አማርኛውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ለጆሮ የማይጥም ከሆነ ያቃናው። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ሳይመዝን ያስተማረ መምህር ያስተማረውን ለማስረሳት ሁለተኛ ይደክማል።

አራተኛ፥ ልጁ ከቤት ሠርቶ ያመጣው ጽሑፍ ባማረ ጊዜ መምህሩ ሌባ እንደ ያዘ አይጩኽ፤ አቡጊዳን ያምጣበት። ይኸውም፥ ደብተሩን ዘግቶ «ይህን በሌላ ቃል ንገረኝ፤ ይህ ቍጥር ቢለወጥስ ምን ይሆናል? ከዚህ በፊት ያለው ነገር ምንድር ነው?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ልጁ ከመለሰ ከየትም ያግኘው የርሱ ሆኗል። ካልመለሰም ቅጣቱ ያንኑ ሥራ በመምህሩ ፊት በራሱ እጅ እንደ ገና መሥራት ነው።

አምስተኛ፥ የልጆች ስም፥ ፎቶግራፍ፥ ሕመምና የቤት ምሥጢር ወደ መሣሪያው አይጻፍ። የተጻፈው ሩቅ አገር ወዳለ ኩባንያ ይሄዳልና፥ ከሄደም በኋላ መምህሩ ሊመልሰው አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሴፕቴምበር 2023 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በክፍል ውስጥ ይህን መሣሪያ ለሚጠቀሙ ልጆች የዕድሜው ወሰን ከ13 ዓመት እንዳያንስ መክሯል። ስለዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን እንዲጠይቁት አይተዉ።

የሽማግሎች ድርሻ

የአገር ሽማግሎችም በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላቸው። መሣሪያው የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። ወንዙ ስለ ምን በዚህ ስም እንደ ተጠራ፥ የድርቁ ዘመን እንዴት እንዳለፈ፥ የሁለት ጐረቤት የድንበር ጠብ በምን እርቅ እንዳለቀ በመጽሐፍ ካልተጻፈ መሣሪያው ከየት ያመጣዋል? ቢጠየቅም የሌለውን ፈጥሮ ሊናገር ይችላል። እንግዲህ መምህሩ ልጆችን ወደ ሽማግሎች ይላክ፤ ሽማግሎችም ይንገሯቸው፤ ልጆቹም የሰሙትን በራሳቸው እጅ ይጻፉ። ይህ ጽሑፍ ከማንም አይቀዳምና ልጁ መስማትን፥ መለየትንና መጻፍን ከዚህ ይማራል። ለመንደሩም መዝገብ ይሆነዋል።

ዳግመኛም ማታ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አባት ወይም አያት «ዛሬ የተማርኸውን ያለ ደብተር ንገረኝ» ይበሉት። ይህን ለመጠየቅ ኮምፒዩተር ማወቅ፥ ሒሳብም መማር አያስፈልግም። ልጁ ነገሩን ለማያውቅ ሰው አስረድቶ መናገር ከቻለ አውቆታል፤ ቢንተባተብ ግን የጐደለውን እርሱ ራሱ ያየዋል፥ በማግሥቱም መምህሩን ይጠይቃል።

አንዳንድ ወላጅ «የከተማው ልጅ ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዞ የኔ ልጅ በምን ይደርስበታል?» ብሎ ያዝናል። ኀዘኑ ተገቢ ነው፤ ለመንደር ትምህርት ቤትም መብራትና ኢንተርኔት እንዲመጣ መጠየቅ መልካም ነው። ነገር ግን በቱርክ አገር የተደረገው ምርመራ እንዳሳየ፥ መሣሪያውን የያዘ ሁሉ አልቀደመም። መልስ ሲቀበል ያደገ ልጅ መሣሪያው በተወሰደ ቀን ባዶ እጁን ይቆማል። ጥያቄ መጠየቅ፥ ስሕተቱን ማቃናትና የያዘውን መናገር የለመደ ልጅ ግን፥ መሣሪያው ዛሬ ባይደርሰው እንኳ በደረሰው ቀን ያዝዘዋል እንጂ አይታዘዝለትም።

ስለዚህ መምህር በቦታው ይጽና፤ መሣሪያውም ከመምህሩ እግር ሥር ረዳት ሆኖ ይቀመጥ። ልጁም ድካሙን ለሌላ አይስጥ፤ ድካሙን የሰጠ ዕውቀቱን ሰጥቷልና። ማስተዋልን ለሰው የሰጠ አምላክ የመምህራንን ጥረት፥ የሽማግሎችን ምክርና የልጆችን ትጋት ይባርክ።